የባህላዊ ጨዋታዎች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ በትምህርት ቤት ያደርንበት ሌሊት

የባህላዊ ጨዋታዎች ክበብ በ2017 ዓ.ም. ካከናወናቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ለአንድ ሌሊት የተደረጉ ዝግጅቶች ነበሩ ማለት ይቻላል። ያ ሌሊት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል የሚማሩ የክበቡ አባላት ዓርብ ግንቦት 15 ቀን በትምህርት ቤታችን ያደሩበት ነው።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ አንድ ጨዋታ ጠይቆ፣ ሕጉን በደብተር ጽፎ እንዲያመጣና ለጓደኞቹ እንዲያስተምር ተደረገ። ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይና ሱዚ ለሁሉም የታወቁ ስለነበሩ ብዙ ጊዜ አልወሰዱም። ክርክር ያስነሳው ገበጣ ነው፤ ቤተሰቦቻቸው ከተለያዩ አካባቢዎች የመጡ ልጆች የያዟቸው ሕጎች ሊስማሙ አልቻሉም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋልና፣ ልጆቹ «የማን ነው ትክክል?» እያሉ ሲጠይቁን የሁሉም ትክክል መሆኑን አስረድተን፣ ተጫዋቾች ጠጠር ከማንሳታቸው በፊት በሕጉ እንዲስማሙ አደረግን። ሰሌዳውን የሠሩት ከእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ሲሆን፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ባላቸው ሁለት ረድፎች በየጉድጓዱ አራት አራት ሽምብራ አኑረው ይጫወቱ ነበር።

አዳሩን ስናቅድ አጥብቀን ያሰብንበት የጨዋታዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ለአብዛኞቹ ልጆች ከቤት ውጭ ማደር የመጀመሪያቸው ስለነበር፣ ምሽቱ ከሩጫ ወደ መቀመጥ፣ ከመቀመጥም ጋደም ብሎ ወደማዳመጥ ቀስ በቀስ ካልወረደ በመኝታ ሰዓት ሆድ መባባቱ አይቀርም ብለን እናምናለን። ስለዚህ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ በሜዳው ላይ አባሮሽ፣ ገመድ ዝላይና አኩኩሉ ተጫወቱ። ራት ላይ ዕለቱ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ በመዋሉ የዓርብ ጾም ባይኖርም፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች ከአንድ ትሪ እንዲበሉ በማሰብ ሥጋ የሌለበት ሽሮና ፓስታ ቀረበ።

ከራት በኋላ የሰማዩ ደመና ገለጥ ሲል ወደ ግቢው ወጣን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ፣ በግንቦት ምሽት ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብት፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ጭልፋ የሚመስሉት ሰባቱ ከዋክብት በአንድ ጊዜ ይታያሉ። በሰሜን ራቅ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ጨርሶ ማየት እንደማይችሉ ስንነግራቸው የተሰማቸው ደስታ ታላቅ ነበር።

የሌሊቱ ዋና ጨዋታ ግን እንቆቅልሽ ሆነ። «ምን አውቅልህ?» ብሎ ከተቀበለ በኋላ መልሱ የጠፋበት ልጅ እንደ ደንቡ አገር መስጠት አለበት፤ እኛም በግድግዳው ላይ ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ ሰቅለን፣ አገር ሰጪው የሰጠውን ከተማ በእጅ ባትሪ እንዲያሳይ ደነገግን። ሐረር፣ ጅማ፣ ጎንደርና አርባ ምንጭ ወዲያው ተሰጥተው አለቁ፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሰምተዋቸው የማያውቁትን ከተሞች ለማግኘት ካርታውን በራሳቸው ፈቃድ ማጥናት ያዙ። በመማሪያ ክፍል ለረጅም ጊዜ ስንደክምበት የነበረው የካርታ ንባብ በዚህ መንገድ ሲገባቸው ማየቴ እንደ መምህር እጅግ አስደስቶኛል። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» የምትለዋን የጤዛ እንቆቅልሽ ያመጣችው ተማሪ በዓመቱ ሁሉ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ ልጅ ነበረች፤ በዚያ ሌሊት ግን ሦስት አገር ወሰደች።

በአራት ሰዓት መብራቱ ደብዘዝ ተደርጎ፣ ሴቶቹ ከመምህርቶቻቸው፣ ወንዶቹም ከመምህራኖቻቸው ጋር በተለያዩ ክፍሎች ፍራሻቸው ላይ ጋደም እንዳሉ ተረት ተጀመረ። ተረቱን የምንነግራቸው እኛ ብንሆንም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለውን መዝጊያ በየተራ የሚሉት ልጆቹ ነበሩ። ሌሊት ላይ ቤቱ የናፈቀው አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ተረጋጋ። ተመሳሳይ ዝግጅት ለሚያስቡ ክበባት አጥብቄ የምመክረው ነገር አለ፦ ወላጆች የልጃቸውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን ምግብና ሌሊት ሽንት የሚያመልጠው እንደሆነ አስቀድመው ለአንድ መምህር ብቻ በምስጢር እንዲያሳውቁ ይደረግ። ልጅ በጓደኞቹ ፊት እንዳያፍር መጠበቅ ከማንኛውም ጨዋታ ይቀድማል።

ልጆቹ በዓመቱ የሰበሰቧቸው ጨዋታዎች በአንድ ጥራዝ ተጠርዘው በቤተ መጻሕፍታችን ተቀምጠዋል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ ቀጥሎ ባዶ ገጽ ስለተተወ፣ በአካባቢያቸው ሌላ ሕግ የሚያውቁ ወላጆች በ2018 ዓ.ም. መስከረም መጥተው እንዲጽፉልን ክበቡ በአክብሮት ይጠይቃል።