የጓሳን መክፈቻ ቀን ማን ይቁረጥ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ወሬ በተነሣ ቁጥር «መንግሥት ይረከበው» የሚል አይጠፋም። በእኛ በመንዝም ጓሳ የሚባለው የሣር ሜዳ ብሔራዊ ፓርክ ቢሆን ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ። ክፋት የላቸውም፣ ግን አልስማማም።

ጓሳ ሰው ስላልደረሰበት የተረፈ ሜዳ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች የሆኑ ባለርስቶች ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቁት የኖረ ነው። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ሳይነካ ይቆያል። ደረሰ ሲባል፣ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ በጋው ሲበረታ፣ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል። መጀመሪያ ማጭድ ይገባል። ከብት የሚገባው ከአጨዳው በኋላ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ያለ ነገር አልተበጀም፤ ከብት ቀድሞ ከገባ ለጣራ ክዳን የሚሆን ረጅም ሣር አይገኝም። ገመዱም፣ እረኛው ዶፍ ሲወርድ የሚደርበው ገሳም ከዚያው ሣር ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ጓሳን የጠበቁት ለጣራቸው ብለው እንጂ ለቀይ ቀበሮ አዝነው አይመስለኝም። ሣሩ ሲተርፍ ግን በውስጡ የሚኖረው አይጥ ተረፈ፣ አይጡን እየበላ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም ተረፈ። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ቁጥሩም በመቶዎች ነው የሚቆጠረው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ። ርስት ሲቀር በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ቀረ። ጓሳ የሁሉም ተባለ፤ የሁሉም ሲሆን ተቆጪ አጣ። ያሰኘው ያጭዳል፣ ያሰኘው ከብቱን ይነዳል፣ ዳር ዳሩን የሚያርስም መጣ። ዐዋጁን ለመኮነን አይደለም ይህን የምለው። በቄሮ ዘመን የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም፤ ያም ፍትሕ አይባልም። ችግሩ አሮጌውን ዳኛ የሻረው መንግሥት ሌላ ዳኛ በቦታው አለማስቀመጡ ነው። ባለቤትማ በወረቀት ላይ ነበረ። «ዘንድሮ አይከፈትም» ሲል የሚሰማ ሰው ግን አልነበረም።

የመንግሥትን ይዞታ የሚደግፉ ሰዎች የውጭ አገር የባሕር ዳርቻዎችን ይጠቅሳሉ። መልካም፣ በዚያው እንሂድ። በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1913፣ በአገረ ገዥ ኦስዋልድ ዌስት ጊዜ፣ ማዕበል የሚደርስበት አሸዋ የሕዝብ መንገድ ነው ተብሎ ታወጀ። ከዓመታት በኋላ አንድ የሞቴል ባለቤት ከደጁ ያለውን ደረቅ አሸዋ ለእንግዶቹ ብቻ ሲከልል ሕዝቡ ተቆጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 አገረ ገዥ ቶም ማኮል የፈረሙበት ሕግ የሕዝቡን መብት እስከ ደረቁ አሸዋ ድረስ አስከበረ። ታዲያ ሕጉ ደረቁን አሸዋ ከባለቤቶቹ አልወረሰም፤ እንዳትከለክሉ ብቻ ነው ያላቸው። ደግሞም አሸዋ ቢረግጡት አያልቅም፣ ሣር ሲያጭዱት ያልቃል። ለሚረገጠው ከዋና ከተማ የሚወጣ ሕግ ሊበቃ ይችላል። የሚታጨደው ግን የዘንድሮውን ዝናብ ያየ፣ የሣሩን ቁመት በእጁ የለካ ሰው ይፈልጋል።

ጓሳ ዛሬ በክልሉ ሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። መሬቱ እንደሆነ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ይህን የካደ የለም። አስተዳደሩ ግን ከተጠቃሚዎቹ እጅ እንዳይወጣ ነው የምለው። ፓርክ ሲባል ምን ሊከተል እንደሚችል በሰሜን ተራሮች አይተናል፤ የግጭ መንደር ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ማጭድ ይዞ መግባት ወንጀል ከሆነ ደግሞ መንዜ ጓሳን ለማን ብሎ ሌሊት ብርድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል?

መንግሥት ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ዳሩን ገፍቶ ያረሰ ሰው ሲከሰስ ጉዳዩ ሳይጓተት ይታይ፤ መተዳደሪያ ደንቡ የሚጥለው ቅጣት ፍርድ ቤት ደርሶ አይሟሽሽ። ከጎብኚ የሚገባው ገንዘብ ስንት እንደሆነና የት እንደዋለ በየዓመቱ በገበያ ቀን ይነበብ። ከሁሉ በላይ መሬት ያልደረሰው ወጣትና ቤቷን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት በኮሚቴው ይግቡ፣ ከአጨዳውም ድርሻቸው ይታወቅ። ዳሩን ለማረስ የሚገፋፋው በአብዛኛው መሬት ማጣት ነው፤ እነሱን ያላስገባ ጥበቃ ደግሞ የቄሮን ጉድለት ይዞ ነው የሚቀጥለው።

አንባቢያችሁ፣ ከመሐል ሜዳ