ደብዳቤ ለልጄ፦ ለሶራም ሠራዊት ዱቄቱን ማን ፈጨው?

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። የላክልኝን ደብተር አንብቤ ጨረስኩት። ካርታውንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ የሲማልን ወንዝ በጣቴ እየተከተልኩ ከምንጩ እስከ ባሕሩ ወረድኩት። የፈጠርካትን ዓለም፣ ሶራምን፣ ወድጃታለሁ። ደመና ውስጥ የተሠራችው ከተማ ቤልቃ፣ ፊታቸውን ሸፍነው የሚኖሩት የጨው በረሃ ሰዎች፣ ጀልባ ላይ ተወልደው ጀልባ ላይ የሚያረጁት የወንዙ ልጆች፣ ይሄ ሁሉ ካንተ ጭንቅላት መውጣቱ በጣም ያኮራኛል። «የልጅ ጨዋታ ነው፣ ትምህርቱ ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። አትስማው። አንድ ሙሉ ዓለም ከባዶ ተነስቶ ማሰብ ትልቅ ሥራ ነው። እኔም እንደ ትልቅ ሥራ ስላነበብኩት አስተያየቴን ሳልሸፋፍን እነግርሃለሁ።

ንጉሥ ኦርዳን 40,000 ወታደር አስከትሎ በረሃውን በ10 ቀን ያቋርጣል። ጋሻው ያበራል፣ መለከቱ ይነፋል፣ ዘንዶው ከላይ ያንዣብባል። ደስ ይላል። ግን ገጹን ከገለጥኩ በኋላም አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እነዚህ ሰዎች ምን በሉ?

እስቲ አብረን እናስላው። የሚዘምት ሰው በቀን አንድ ኪሎ ገደማ እህል ይፈልጋል። ለ40,000 ሰው በቀን 400 ኩንታል ማለት ነው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ቢሸከም፣ የአንድ ቀን ስንቅ ብቻ 800 አህያ ይጠይቃል። የ10 ቀኑ 8,000 አህያ። አህዮቹም ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ በረሃው ላይ ደግሞ ሣር የለም። ነጂ ያስፈልጋቸዋል፤ ነጂውም አፍ አለው። ውሃውንማ ተወው። በዚህ ሒሳብ ኦርዳን ሦስተኛው ቀን ላይ ሠራዊት የለውም።

ይሄን የምልህ ታሪክህን ላበላሽብህ አይደለም። እዚህ ጋ ያላየኸው ትልቅ ታሪክ ተኝቷል። በጥንት ዘመን ከባድ ጭነት በውሃ ማጓጓዝ በየብስ ከማጓጓዝ እጅግ ይረክስ ነበር። ስለዚህ ኦርዳን በረሃውን ትቶ ወንዙን መከተል አለበት። ወንዙ ላይ ደግሞ ጀልባ ያላቸው የወንዙ ልጆች ናቸው። አንተ ሁለት ገጽ ብቻ የሰጠሃቸው፣ ዓሣ የሚያጠምዱና የሚዘፍኑ ሰዎች! የንጉሡ ጉሮሮ በእነሱ እጅ ነው። አንድ ሌሊት ጀልባቸውን ፈትተው ቢሄዱ ጦርነቱ ያለ ጦርነት ያልቃል። እቴጌ ጣይቱን አስታውስ። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ምሽግ ውስጥ የነበረውን የጣልያን ጦር ያንበረከከው የውሃ ምንጩን ማስያዛቸው ነው።

ስንቁ ደረሰ እንበል። እህል ግን ካልተፈጨ እንጀራም ዳቦም አይሆንም። 400 ኩንታል በየቀኑ ማን ፈጨው? ሶራም ውስጥ የውሃ ወፍጮ የለም፤ አንተው ነህ የጻፍከው። ስለዚህ በእጅ ነው። ሶርያ ውስጥ፣ ኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ፣ አቡ ሁሬራ የሚባል በጣም ጥንታዊ የገበሬዎች መንደር ተቆፍሮ ነበር። አጥንቶቹን የመረመሩት ባለሙያዎች የእግር ጣቶች ተጣመው፣ ጉልበትና የታችኛው ወገብ ተጎድቶ አገኙ። ተንበርክኮ፣ ጣትን ወደ ፊት አጥፎ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲገፉ የመኖር ምልክት ነው። ጉዳቱ በብዛት የታየው ሴቶቹ ላይ ነበር። ስም የላቸውም፤ የኖሩበትን ሥራ ግን አጥንታቸው ተናገረ።

አያትህን ጠይቃት። መጁን ስትገፋ ያደገች ሴት ናት። የቤቱ ዱቄት ሊደርስ ዶሮ ሳይጮህ እንደሚነሱ፣ ወፍጮው ላይ ምን እንደሚያንጎራጉሩ ትነግርሃለች። በስልክ ብትጠይቃት አትጨርስልህም፤ ስትመጣ አጠገቧ ቁጭ በል። ከዚያ ቤልቃ ግድግዳ ውስጥ፣ ንጋት ላይ፣ አሥር ሺህ ወፍጮ ባንድ ላይ ሲያጉረመርም ጻፍልኝ። ወደ ከተማዋ የሚመጣ እንግዳ ግንቡን ከማየቱ በፊት ይሄን ድምፅ ይስማ።

አሁን ወደ ጨው በረሃው ሰዎች ልምጣ፤ ከሁሉም የወደድኳቸው እነሱን ነው። ግን በወርቅ ሳንቲም ዳቦ ሲገዙ አየሁ፤ ይሄ አይሆንም። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የራሷን ገንዘብ ስታወጣ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ነበራት። ወርቁ ለትልልቁ ንግድ ነው፤ ገበያ ወርዶ ጎመን ለሚገዛ ሰው ነሐሱ ይበቃዋል። የበረሃ ሰዎችህ ደግሞ ሳንቲም ጭራሽ ላያስፈልጋቸው ይችላል። እግራቸው ሥር ያለው ጨው ገንዘብ ነው። አሞሌ እኛ አገር እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ነበር። አፋር ውስጥ ከመሬት ይቆረጣል፣ ይጠረባል፣ በግመልና በአህያ ይጫናል። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ መንገድ ላይ ከተሸራረፈ ይወርዳል። እስቲ አስበው፣ ዝናብ ገንዘብህን የሚያሟሟበት አገር! ሶራም ውስጥ የክረምት ደመና ሲታይ ነጋዴ ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል።

ከሰፈሮቻቸው ውጭ ሲነግዱም አስተርጓሚ አትፈልግላቸው። ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዘመን የአክሱም ወደብ አዱሊስ ደርሶ ነበር። የአክሱም ሰዎች ሳሱ ከሚባል አገር ወርቅ እንዴት እንደሚያመጡ ጽፏል። ከ500 በላይ ሆነው በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ትልቅ የእሾህ አጥር ያጥራሉ። በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱን እሾሁ ላይ ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰው ይመጣል፤ በሚፈልገው ዕቃ ላይ የወርቅ ፍሬ አኑሮ ዞር ይላል። ባለ ዕቃው ቀረብ ብሎ ያያል። በቅቶኛል ካለ ወርቁን ያነሳል፣ ያኛውም ሥጋውን ይወስዳል። ካልበቃው ወርቁን እዚያው ይተወዋል። ያኛው ተመልሶ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቃል አልተነጋገሩም። ቋንቋ አይግባቡም፣ ግን ይተማመናሉ። ፊታቸውን ለሸፈኑት ሰዎችህ ከዚህ የተሻለ ገበያ አላገኘሁላቸውም። አንድ ቀን አንዱ ወርቁንም ሥጋውንም ይዞ ቢጠፋ ምን ይፈጠራል? አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሌላው ያስተዋልኩት፣ ሦስቱም ሕዝቦችህ ንጉሥ፣ ሰይፍና ዙፋን አላቸው። ሁሉም ጥንታዊ ሕዝብ እንደዚያ አልኖረም። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያለችው ሞሄንጆ ዳሮ ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት በጡብ የተሠራች ትልቅ ከተማ ናት። ጉድጓድ አላት፣ መታጠቢያ አላት፣ የቆሻሻ ውሃው በመንገዱ ሥር በተከደነ ቦይ ይወጣል። የንጉሥ ቤት ነው ተብሎ የተረጋገጠ ሕንፃ ግን እስካሁን አልተገኘባትም። የደቡብ አሜሪካዎቹ ኢንካዎች ደግሞ ጋሪ ሳይኖራቸው፣ ብረት ሳያውቁ፣ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዘርግተዋል። ሒሳባቸውን የሚይዙት በገመድ ቋጠሮ ነው፤ ግብር የሚከፈለው በጉልበት ነው። መልእክት በሯጭ ቅብብል ይደርሳል። አንዱን ሕዝብህን ንጉሥ ንሣው፤ ምን እንደሚሆን እይ። እኔ የወንዙ ልጆች ላይ ብትሞክረው እወዳለሁ።

የቤልቃን ግንብ የሚሠሩትን ሰዎች ግን በጣም ዝም አሰኘሃቸው። አለንጋው ይጮሃል፣ እነሱ ይሸከማሉ፣ በቃ። ግብፅ ውስጥ በሦስተኛው ራምሴስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1150ዎቹ ገደማ፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉት ሠራተኞች ደመወዛቸው እህል ነበር። እህሉ ዘገየ። ሰዎቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወጡ፤ ቤተ መቅደሶቹ ጋ ሄደው ቁጭ አሉ። ራበን፣ ጠማን አሉ። ሹማምንቱ ቢለማመጧቸውም ቀለባቸው ካልተሰጠ አንነሳም አሉ። ይሄን ሁሉ አንድ ጸሐፊ ፓፒረስ ላይ መዝግቦት ዛሬ ጣልያን፣ ቱሪን ውስጥ ይገኛል። ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከጦርነቱ ሁሉ በላይ ይሄን ነው የሚጠይቁኝ። ሥራ ማቆም የኛ ዘመን ነገር ይመስላቸዋል። ቤልቃ ውስጥም ድንጋይ ጠራቢዎቹ አንድ ቀን ይቀመጡ። ኦርዳን በሰይፍ የማያሸንፈው ነገር ይግጠመው።

ስለ ቀን አቆጣጠራቸው ብዙ አልልም፤ የወንዙን ሙላት ተከትለው መቁጠራቸው ጥሩ ሐሳብ ነው። ግብፆችም ዓመቱን በሙላት፣ በዘርና በመከር ከፍለው፣ በመጨረሻ አምስት ቀን ይጨምሩ ነበር። የኛ ጳጉሜን ከዚያ የመጣች ናት። የትርፍ ቀኖቹን በዓል ግን ራስህ ፍጠረው፤ ከማንም አትውሰድ።

ዘንዶውን እንዳታጠፋው። ልጅነትህን ሁሉ የሳልከው እሱን ነው፤ ሶራምም ያለ እሱ ሶራም አትሆንም። ግን እሱም ይበላል፤ በሳምንት ሦስት በሬ ብለሃል። በሬዎቹ የማን ናቸው? በሬው የተወሰደበት ገበሬ በምን ያርሳል? ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል? ሚስቱ ምን አለችው? ልጆቹ ዘንዶውን ሰማይ ላይ ሲያዩ እንዳንተ ይደሰታሉ? ለዚያ ገበሬ ስም አውጣለት፣ ቤቱንም ካርታው ላይ አስገባልኝ። ከወንዙ መታጠፊያ በላይ ባዶ የተውከው ቦታ አለ።

ደብተርህን በአጎትህ ልጅ እልክልሃለሁ፤ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ጻፍ ጻፍ አድርጌበታለሁ። ከበሶው ጋር እንዳይነካካ ለብቻው ጠቅልዬዋለሁ። የሚቀጥለውን ምዕራፍ እስክትጨርስ አልጠብቅም፤ የደረስክበትን ያህል ላክልኝ።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

እናትህ