የኦንላይን ብላክጃክ የት ላይ ይበላል?

ክቡር አዘጋጅ፣

የኦንላይን ብላክጃክ (የካርታ ድምር ከ21 ሳያልፍ ዲለሩን፣ ማለትም ለቁማር ቤቱ የሚያከፋፍለውን፣ የመብለጥ ቁማር) «የተሠራበት ጨዋታ ነው» የሚለው ወሬ በዲሲና አካባቢዋ ባለን ሐበሾች ዘንድ ደጋግሞ ይነሳል። ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ስድስቴ በተከታታይ ተበላሁ» የሚል ነው። ይህ ምንም አያስረዳም። ካርታው በትክክል ቢበወዝም፣ አቻ የወጡትን ትተን፣ ተጫዋቹ ከ100 እጅ (ዙር) 53 ያህሉን ይሸነፋል። ስልኩ ላይ በሰዓት 200 እጅ የሚጫወት ሰው እንዲህ ያለ ተከታታይ መበላት በየሰዓቱ አንድ ሁለቴ ቢገጥመው የተለመደ ነው።

ቁማር ቤቱ ለማትረፍ ካርታ መደበቅ አያስፈልገውም፤ ትርፉ ደንቡ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፣ አንባቢ አጣ እንጂ። ከሁሉ በፊት የሚታየው የብላክጃክ ክፍያ ነው፤ ብላክጃክ የሚባለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች ኤስና ባለ 10 (10፣ ጃክ፣ ንግሥት ወይም ንጉሥ) ማግኘት ነው። 10 ዶላር ላስያዘ ሰው በ3 ለ 2 ደንብ 15 ዶላር ይከፈላል፤ በ6 ለ 5 ግን 12። ብላክጃክ በአማካይ ከ21 እጅ አንዴ ስለሚመጣ፣ በየ21 እጁ 3 ዶላር ይቀራል፤ ከተያዘው ገንዘብ 1.4 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። መቼ ካርታ መጨመር፣ መቼ ማቆም እንደሚሻል የሚያሳየውን የጨዋታውን ሠንጠረዥ ሳያዛንፍ ለሚከተል ሰው የቤቱ ድርሻ በጥሩ ደንብ ግማሽ በመቶ አካባቢ ነው። ይህች አንዲት መስመር ድርሻውን ወደ አራት እጥፍ ታስጠጋዋለች። ኤስና 6 ይዞ ካርታ የሚጨምር ዲለር ደግሞ 0.2 በመቶ ያህል ይጨምርበታል። «ኢንሹራንስ» የሚባለውን (ዲለሩ ኤስ ሲገልጥ ብላክጃክ ይኖረዋል ብሎ የሚያዝ ተጨማሪ ውርርድ) የሚገዛ ሰውማ ለዚያ ከሚያስይዘው ላይ በአማካይ ከ7 በመቶ በላይ ያጣል፤ እጁ ጥሩ ሆነ አልሆነ ለውጥ የለውም።

ቦነሱ ከዚህም ይብሳል። የ100 ዶላር ቦነስ «30 ጊዜ ይጫወቱበት» የሚል ግዴታ አለው እንበል። 3,000 ዶላር ይመስላል። ነገር ግን ከሥር በደቃቅ ጽሑፍ «ብላክጃክ 10 በመቶ ብቻ ይቆጠራል» ከተባለ፣ መጫወት ያለበት 30,000 ዶላር ሆነ። በግማሽ በመቶ እንኳ ሲሰላ በአማካይ 150 ዶላር ያጣል፣ 100ውን ለማውጣት። በ6 ለ 5 ጠረጴዛ ከሆነ 570። ቦነሱን አልፈልግም ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ውርርድ ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት።

እውነተኛ ማጭበርበር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ የሚገኘውም ተቆጣጣሪ በሌለበት ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ የስፖርት ውርርድ በስልክ ተፈቅዷል፤ የኦንላይን ካዚኖ ግን አልተፈቀደም። ደላዌር፣ ፔንሲልቬንያ፣ ዌስት ቨርጂኒያና ኒው ጀርሲ ፈቅደዋል። ፈቃድ ያለው አፕ ተጫዋቹ የት እንዳለ በስልኩ ሳያረጋግጥ አያጫውትም። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተቀመጠ ሰው ቦታውን ሳይጠይቅ ከባንክ ካርዱ ገንዘብ የሚቀበል የብላክጃክ ድረ ገጽ ፈቃድ ካላቸው አንዱ ሊሆን አይችልም። ገጹ ግርጌ ላይ የተለጠፈው የፈቃድ ምልክትም ሥዕል ነው፤ ማንም ይለጥፈዋል። ማጣራት ያለበት የድረ ገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዝርዝር ጋር በማስተያየት ነው። የታወቀ ኩባንያ ጨዋታን አስመስለው የሚሠሩ ቅጂዎች ስላሉ የኩባንያው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ፈቃድ ኖሮም ተንኮል ሊገባ እንደሚችል ከፖከር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 አብሶሉት ፖከርና አልቲሜት ቤት በተባሉ የፖከር ድረ ገጾች ላይ የውስጥ ሰዎች የሌላውን ካርታ እያዩ ይጫወቱ እንደነበር የተጋለጠው ተጫዋቾች የእጆቻቸውን መዝገብ ቁጭ ብለው በመመርመራቸው ነው። ብላክጃክ ላይም መቆጠር የሚችል ነገር አለ፦ ዲለሩ ገልጦ የሚያስቀምጣት ካርታ። ከ13 ካርታ 5ቱ ኤስ ወይም ባለ 10 ስለሆኑ፣ በ1,000 እጅ ውስጥ 385 ጊዜ አካባቢ ይመጣሉ። ከ350 እስከ 420 ቢሆን ደህና ነው፤ ከ430 ሲያልፍ ግን መጠራጠር ይገባል። 12 ይዘው ካርታ ሲጠይቁም በባለ 10 መቃጠል (ከ21 ማለፍ) ከ100 ጊዜ 31 ያህሉን ነው፤ ተንኮሉ በምትቀጥለው ካርታ ላይ ከሆነ እዚህ ይታያል። 50 ወይም 100 እጅ ቆጥሮ መፍረድ ግን አይቻልም። በነጻው የሙከራ ጨዋታ ላይ የተቆጠረም ስለ ገንዘቡ ጨዋታ ምንም አይነግርም፤ ፈቃድ በሌለበት ቦታ ሁለቱ በአንድ ፕሮግራም ለመሄዳቸው የሚያረጋግጥ የለም።

አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ