ተምሬ ጨርሻለሁ አትበል

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? በስልክ ብነግርህ «እሺ እማዬ» ብለህ እንደምታልፈኝ ስለማውቅ ነው የምጽፍልህ። ዘንድሮም ከአገልጋዮች ሥልጠና ቀረህ አሉኝ። ማን እንደነገረኝ አትጠይቀኝ። «ነገረ መለኮት ተምሬ፣ ተሹሜ፣ ደግሞ ምን ሊጨምሩልኝ ነው?» ብለሃል አሉ። እንዲህ ያለ ንግግር ካንተ አፍ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ተምሬ ጨርሻለሁ አትበል፣ ልጄ።

ስብከትህን እወደዋለሁ፣ ስሰማህ ልቤ ይሞላል። ግን አጵሎስም እኮ ንግግር አዋቂ ነበር፣ መጻሕፍቱንም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ድንኳን ሰፊዎቹ አቂላና ጵርስቅላ ለብቻው ወስደው የጎደለውን ሲያስረዱት ተቆጣ የሚል አላነበብኩም። ጳውሎስስ ጢሞቴዎስን ለማንበብ ትጋ ያለው መቼ ነው? እጅ ከተጫነበት በኋላ አይደል እንዴ! ተሹሜያለሁ ማለት ጨርሻለሁ ማለት ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ ምክር ባልጻፈለት።

ልጇን የቀበረችውን እናት ታስታውሳለህ አይደል? አባትህ ያን ዕለት ሊያጽናናት ሄዶ ማታ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ለበጎ ነው አልኳት» አለኝ። «ለበጎ ነው ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።» ከዚያ በኋላ ያቺ ሴት ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። እሱም ነገሩን ከእኔ በቀር ለማንም ሳይናገር ዓመታት ተሸክሞት ኖረ።

ከሸበተ በኋላ ነው የሆስፒታሉን የአገልጋዮች ሥልጠና ያገኘው። እዚያ ከታማሚው ጋር ያወራኸውን፣ እሱ ያለውን፣ አንተ የመለስክለትን፣ ዝም ያላችሁበትን ሳይቀር ቃል በቃል ጽፈህ በአሠልጣኙና በባልደረቦችህ ፊት ታነበዋለህ። «እዚህ ጋ ለምን ቸኮልክ? ምን ፈርተህ ነው?» ይሉሃል። ይህን ዓይነት ሥልጠና ካስጀመሩት አንዱ አንቶን ቦይሰን የሚባል አሜሪካዊ አገልጋይ ነው። እሱ ራሱ አእምሮውን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ያውቃል። በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925፣ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ዉስተር ወደሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አምጥቶ ከታማሚዎቹ እንዲማሩ አደረገ። አባትህ ስለዚህ ሰው አውርቶ አይጠግብም ነበር።

እኔን የሚቆጨኝ ነገሩ ለአባትህ መዘግየቱ ነው። ካዘነ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥን በወጣትነቱ ማን አስተማረው? ማንም። የሰበከውን ሁሉም ያመሰግኑለት ነበር፣ ያዘነ ሰው ቤት ገብቶ ምን እንደተናገረ ግን የሚጠይቀው አልነበረም። አንተ ዕድሉ ደጅህ ድረስ መጥቶ ትመልሰዋለህ?

አሁን የምልህን አድርግ። ምዝገባው አልፎ እንደሆነ ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቅ። የልጆች ጥበቃ ሥልጠናውን ደግሞ በምንም ሰበብ እንዳትዘል። አንድ ሕፃን መጥቶ የደረሰበትን ሲነግርህ ጸልየህ ብቻ አትሸኘውም፣ ነገሩ ለማን እንደሚነገርና ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ ማወቅ አለብህ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት ታገሺ ብለህ እንዳትመልሳት። ይህ በስብከት ችሎታ የሚሸፈን አይደለም፣ የሰው ሕይወት ነው። ደግሞ ካንተ የሚበልጥ አንድ አገልጋይ ፈልግና በየጊዜው ሄደህ የከበደህን ንገረው። የዕረፍት ቀንህን ለማንም አትስጥ። የግፊት መድኃኒትህን ትውጣለህ ግን? ድምፅህ ደክሞብኛል።

ልቆጣህ ብዬ አይደለም፣ የኔ ጌታ። አንተን የሚያምኑ ሰዎች በሕይወታቸው ክፉ ቀን በራቸውን ይከፍቱልሃል፣ ያን ጊዜ እንድትደነግጥ አልፈልግም። ብቻ ተምሬ ጨርሻለሁ አትበል።

የአባትህ የሥልጠና ደብተሮች እኔ ጋ ናቸው። የታማሚዎቹን ስም ቀይሮ ነው የጻፈው፣ ቢሆንም ለሰው አይታዩም። መመዝገብህን የነገርከኝ ቀን እልክልሃለሁ፣ ከዚያ በፊት ግን አልልክም።

እናትህ