በመካነ ኢየሱስ ሰንበት ትምህርት ቤት ላደግን ወላጆች

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8:00 ሰዓት ላይ በአጥቢያችን ትንሹ አዳራሽ እንገናኝ። የምንነጋገረው በልጅነታችን ከቤተ ክርስቲያን የተቀበልነው ነገር ዛሬ በእምነታችንና በትዳራችን ውስጥ ስላለው ቦታ ነው። ለልጆቻችን ምን እንደምናስተላልፍም እንወስናለን።

ዋናው ጉዳይ ጥምቀት ነው። ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን ተጠምቀናል። ከትዳር ጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ግን ያደጉት ሰው አምኖ ሲጠይቅ ብቻ በሚያጠምቁ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ልጅ ሲወለድ ጥያቄው ቤት ድረስ ይመጣል፤ አያቶችም ይገቡበታል። ተሸፋፍኖ ባይቀር ጥሩ ነው። ስለዚህ ባለቤቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ማንንም ለማሳመን አይደለም፣ ለመደማመጥ ነው።

ሁለተኛው የቤት ውስጥ ትምህርት ነው። የተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተጻፈ የእምነት ማስተማሪያ) ያዘጋጀው አባወራው ቤተሰቡን እንዲያስተምርበት ጭምር ነው። ከአሥርቱ ትእዛዛት ከእያንዳንዱ ቀጥሎ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በእኔ እምነት በሳምንት አንድ ምሽት፣ እራት ላይ፣ አንዷን ጥያቄ ከልጆች ጋር ማንሳት ለመጀመር ይበቃል። ቀኑን አብረን እንቁረጥ።

የድሮ የመዝሙር ደብተር ወይም የኳየር ፎቶ ያላችሁ አምጡ፤ ልጆቹ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። ለእነሱ የሚጫወቱበት ክፍል አለ። ቡና ይፈላል፤ ዳቦ የምትጋግሩ ቀድማችሁ አሳውቁን።

እስከ ሐሙስ ማታ ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ እዚሁ ጻፉልን። ቅዳሜ የማይመቻችሁም እሑድ ከአምልኮ በኋላ ይሻላችሁ እንደሆነ ንገሩን።