ጋሼ፣ ስለ ፔብል ቢች ጠይቀውኝ ነበር

ይድረስ ለተወደዱት ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ «ባለሙያና አማተር አብረው የሚጫወቱበት የፔብል ቢች የጎልፍ ውድድር እዚያ አጠገብህ ነው?» ብለውኝ ነበር። አዎ፣ ቅርብ ነው። በዚያ ሰሞን ተመልካች የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ እረፍት ሳገኝ ገባ ብዬ አያለሁ።

የጀመረው ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ ነው፤ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ ሳን ዲዬጎ አካባቢ። ሽልማቱን 3,000 ዶላር ከኪሱ አወጣ። ዝናቡ አላስጫውት ብሎ ውድድሩ በ18 ጉድጓድ፣ በአንድ ዙር ብቻ፣ አለቀ። አሸናፊው ሳም ስኒድ የ500 ዶላር ቼክ ሲሰጠው «ካላስቸገርኩ በጥሬው ይሁንልኝ» አለ ይባላል። ውድድሩ ወደዚህ፣ ፔብል ቢች ወዳለበት ወደ ካሊፎርኒያው ሞንተሬይ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947 ነው። ክሮዝቢ ራሱ በ1977 ስፔን ውስጥ ጎልፍ ተጫውቶ እንደጨረሰ ሞተ።

እርስዎ ካዲ፣ የጎልፍ ዱላ ተሸካሚ፣ ስለነበሩ አሠራሩ ቶሎ ይገባዎታል። አንድ ባለሙያና አንድ አማተር ይጣመራሉ። አማተሩ እንደ አቅሙ ምት ይቀነስለታል፤ በየጉድጓዱ ከጥንዶቹ የተሻለው ውጤት ይያዛል። ባለሙያው አንዱን ጉድጓድ በአራት ምት ጨረሰ እንበል። አማተሩም በአራት ጨርሶ አንድ ከተቀነሰለት፣ የሚመዘገበው የእሱ ሦስት ነው! አማተሩ ነጋዴ ያኔ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ቢያዩት።

ተዋናዩ ጃክ ሌመን ግን ዕድሜ ልኩን ሞክሮ አንዴም ለመጨረሻው ቀን ሳያልፍ ቀረ። ሰው የሚወደው እሱን ነበር። ተዋናዩ ቢል መሪ ደግሞ በ2011 ከባለሙያው ዲ.ኤ. ፖይንትስ ጋር የጥንዶቹን ውድድር አሸነፈ።

ሁሉም ሳቅ አይደለም። ውድድሩ ይደረግባቸው ከነበሩት ሜዳዎች አንዱ፣ ባሕሩ ዳር ያለው የሳይፕረስ ፖይንት ክለብ፣ ጥቁር አባል አልነበረውም። የባለሙያዎቹን ውድድሮች የሚመራው ፒጂኤ ቱር አድልዎን የሚከለክል ደንብ ሲያወጣ ክለቡ መውጣቱን መረጠ። ከ1991 ጀምሮ ውድድሩ እዚያ አይደረግም። ይውጣ፣ ምን ቀረብን?

ከ2024 ወዲህ ደግሞ ባለሙያዎቹ ወደ 80 ዝቅ ብለዋል፤ አማተሮቹ የሚጫወቱት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ብቻ ነው። ታዋቂዎቹም ተመናመኑ። ሽልማቱ 20 ሚሊዮን ዶላር ገብቷልና ቀልድ አያስፈልግም ብለው ይሆናል። እኔን ከጠየቁኝ ጨዋታው ጨው አጣ። አሳፍሬያቸው የምሄደው ሰዎችም የሚያወሩት ስለ ድሮው ነው።

ኮፍያ ገዝቼልዎታለሁ፤ ለፋሲካ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። የጉልበትዎን ሐኪም ቀጠሮ እንዳያሳልፉ፣ አደራ። እትዬንና ልጆቹን ሳሙልኝ።

የሁልጊዜ ልጅዎ