ለለቅሶ ቀን ፊኛ ላክሁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በየወሩ መጀመሪያ የምታወጡትን የበዓላት ዝርዝር ሳላነብ አላልፍም። ባለፈው ሙሐረም፣ በእስልምና አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር፣ ግን ጉድ ሠራኝ። «ዐሹራ፣ የሙስሊሞች በዓል» የሚለውን አየሁና አበባና ፊኛ ያለበት ምስል መርጬ ለሥራ ባልደረባዬ «እንኳን አደረሰህ!» ብዬ ላክሁለት። መልሱ የመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። «አመሰግናለሁ። ለእኛ ግን የለቅሶ ቀን ነው።» ያቺ ፊኛ ትዝ ስትለኝ አሁንም አፍራለሁ።

ባልደረባዬ ሺዓ ነው፤ ሺዓና ሱኒ ሁለቱ ትላልቅ የእስልምና ክፍሎች ናቸው። በሙሐረም 10ኛው ቀን የሚያስበው በ680 እ.ኤ.አ. ኢራቅ ውስጥ ከርበላ ላይ የተገደሉትን የነቢዩ ሙሐመድን የልጅ ልጅ፣ ኢማም ሑሴንን ነው። ሺዓዎች ጥቁር ይለብሳሉ፣ ያለቅሳሉ። ብዙ ሱኒዎች ደግሞ ያንኑ ቀን በፈቃዳቸው ይጾማሉ፤ ሙሴ ከፈርዖን እጅ የዳነበት ነው ብለው። በአንድ ሃይማኖት ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ ሐዘን ተቀምጦ ሌላው ያመሰግናል። «የሙስሊሞች በዓል» ብላችሁ ስታልፉት ይህ ሁሉ የት ገባ?

እርግጥ ሳልጠይቅ የላክሁት እኔ ነኝ። ግን ነገሩ ከነከነኝና የቆዩትን ዝርዝሮች መለስ ብዬ አየኋቸው። ዮም ኪፑር ላይ «መልካም ፌሽታ» ተብሏል። አይሁድ በዚያ ቀን 25 ሰዓት ያህል እህል ውሃ ሳይቀምሱ ይቅርታ ሲለምኑ ነው የሚውሉት። «ጾሙ ይቅለልላችሁ» ቢባል ያምራል፤ ፌሽታው ግን ከየት መጣ? ሐኑካ ደግሞ «የአይሁድ ገና» ተብላለች። ገና የልደት በዓል ነው፣ ሐኑካ የረከሰው ቤተ መቅደስ ዳግም የተቀደሰበት መታሰቢያ። ሁለቱም ዲሴምበር አካባቢ ስለሚውሉና መብራት ስለሚበራባቸው ብቻ ዘመድ አይሆኑም።

ስለ ዲዋሊ፣ ስለ ሕንዶቹ የብርሃን በዓል፣ የጻፋችሁት ግን ደስ ብሎኛል። ሂንዱዎች ብቻ ሳይሆኑ ሲኮች መንፈሳዊ መሪያቸው ጉሩ ሃርጎቢንድ ሕንድ ውስጥ ከጓልየር እስር የተፈቱበትን፣ ጃይኖች ደግሞ የመምህራቸውን የማሃቪራን ኒርቫና (ከዳግም ውልደት ነፃ መውጣት) በዚያው ሰሞን እንደሚያስቡ ነግራችሁናል። ሁለት ዓረፍተ ነገር በቃው። ስለዚህ ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ቀኑም ሌላ ጣጣ አለው። የአይሁድም የሙስሊሙም ቀን የሚጀምረው ከዋዜማው ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እናንተ «ሐሙስ» ብላችሁ ስትጽፉ ዮም ኪፑር ረቡዕ አመሻሽ ላይ ገብቷል። ዝርዝሩን ያመነ አለቃ ረቡዕ ማታ ስብሰባ ይጠራል፤ ጾመኛው ሠራተኛ «ይቅርታ፣ ለእኔ ገብቷል» እያለ ማስረዳት ሊጀምር ነው። የሂጅራው (የእስልምናው) ዓመት ደግሞ 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በዓላቱ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው ይመጣሉ። በ2030 እ.ኤ.አ. ረመዳን ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንዴ በጃንዋሪ፣ አንዴ በዲሴምበር መጨረሻ። የአምናን ዝርዝር ገልብጦ መለጠፍ እዚህ ላይ አያዋጣም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ደስታ ይሁን ጾም ወይም ሐዘን አንድ ቃል ጣል አድርጉበት። «ከዋዜማው ማታ ጀምሮ» በሉ። ዒድ ሲሆን «ጨረቃ ከታየች» ጨምሩበት። የሚቀጥለው ዝርዝር ሲወጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ